ፈረሱ ዳማ ነበር ወይስ ቡላ?

ደብረ ታቦር ላይ ትንንሽ ፈረሰኛ የምንቀባ ሰዎች ቁጥራችን ብዙ አይደለም፤ መከራችን ግን ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው። ቁመቱ ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን ማልበስ ነው። ጥብቆውን፣ ለምዱን፣ ጎፈሩን፣ ጋሻውን፣ የፈረሱን ግላስና ልጓም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ይህን ሲሰማ "ይኼማ የልጅ ጨዋታ ነው" ይለናል። የልጅ ጨዋታ መሆኑንማ እኛም አናጣውም፤ ጉና ሥር ከብት ስንጠብቅ ከጅረት ዳር ጭቃ ዝቀን ፈረስ ያልሠራን ማን አለ? ያኔ ግን የጭቃ ፈረስ ቀለሙ ጭቃ ስለሆነ፣ መንገደኛ ቆሞ "ይኼ ፈረስ እኮ ዳማ አልነበረም" አይለንም ነበር። ደህና ዘመን ነበር።

እሮሮ ሁሉ ከመብራት ስለሚጀምር እኛም ከዚያው እንጀምር። የፈረሰኛ ዓይን ስንቀባ መጀመሪያ ነጩን እናስቀምጣለን። እሱ ይድረቅ ብለን እንጠብቃለን። ከዚያ ክርናችንን ጠረጴዛው ላይ ተክለን፣ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ጥቁሯን ነጥብ ልናሳርፍ ብሩሹን ስናስጠጋ መብራት ይሄዳል። ሣሩን አረንጓዴ ስንቀባ አይሄድም። የፈረሱን ሆድ ስንቀባ አይሄድም። ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አይሄድም። ዓይን ላይ ስንደርስ ይሄዳል። ሻማ እናበራለን፤ በሻማ ደግሞ ቀዩ ቡኒ ይመስላል፣ ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል፤ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ስናየው አንዱ ዓይኑ ጉንጩ ላይ ወርዶ፣ ካባው ቀለም ለውጦ ይጠብቀናል። "መቼ ይመጣል?" ብለን ብንደውል "እየተሠራ ነው" እንባላለን። ይኸ መልስ እናንተም ቤት እንደሚደርስ እናውቃለን፤ ስለዚህ አናራዝመውም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ መብራቱ ቢኖርም ቀለሙ አይደርቅም። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከጉና የሚወርደውን ጉም ጠዋት ማታ እየተቀበለች፣ ሐምሌንና ነሐሴን እርጥብ ሆና ታሳልፋለች። ጠዋት የተቀባ ካባ ማታ ጣት ላይ ይለጠፋል። ምድጃ ዳር ብናስጠጋው ጥላሸት ይጠጣል። ትንሽ ቀረብ ካለ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ከደብረ ታቦር የመጣ፣ ወደ ፈረሱ አንገት ደፋ ብሎ የሚጋልብ ትንሽ ፈረሰኛ ካያችሁ ወኔ እንዳይመስላችሁ። እሳት የቀረበው ነው።

ብሩሽ ፍለጋውስ? የሕንፃ መሣሪያ መደብር ትንሹ ብሩሽ የሳንቃ በር የሚቀባበት ነው። "ከዚህ የምታንስ የለችም?" ስንል ልጁ ያየናል። "ለምንድን ነው?" ሲለን፣ "ለዓይን" ስንል፣ ጨርሶ ዝም ይለናል። ስለዚህ ኮስሞቲክስ ቤት እንገባለን፤ የዓይን መኳያዋ ብሩሽ ቀጭን ናት። ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ጋቢ ለብሶ፣ ሊፕስቲክ ከሚመርጡ ልጆች ኋላ ተሰልፎ "የቀጠነችውን ስጪኝ" ሲል ሻጯ አንገቷን ዘንበል አድርጋ "ለእትዬ ነው ጋሼ?" ትለዋለች። "አይ፣ ለራሴ ነው" አይባል ነገር። "ለዐፄ ቴዎድሮስ ነው" አይባል ነገር። ወርቅማ ቀለምም የምንገዛው ከዚያው ነው፤ የጥፍር ቀለም ነው። የራስ ጉግሣ ጋሻ ላይ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ባለፈው ጥር ሚዜዎች ጥፍር ላይ የነበረው ነው።

ፈረሰኞቹ ራሳቸው ከየት ይመጣሉ ብትሉ፣ ከፈረንሳይ። ማለትም በአካል ሳይሆን በአምሳል። የቤጌምድርን ፈረሰኛ በሣጥን አሽጎ የሚሸጥልን ፋብሪካ ስለሌለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ "ምን ላምጣላችሁ?" ሲል የምናዝዘው የናፖሊዮንን ቀላል ፈረሰኛ ነው። ሁሳር ይሏቸዋል። አለባበሳቸው ከሃንጋሪ የመጣ ነው፤ ደረቱ ላይ ረድፍ በረድፍ ገመድ የተሰፋበት አጭር ኮት፣ በግራ ትከሻ የሚንጠለጠል ባለ ጸጉር ደራቢ ኮት፣ ራስ ላይ እንደ ቅቤ ጣሳ ቀጥ ብሎ የቆመ ባርኔጣ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ። አውሮፓ ላይ ይህን ሁሉ አድርገው በፓሪስ አደባባይ እንዲያልፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። እኛ እጅ ሲገቡ የጉና ሰው ይሆናሉ። አደራ፣ ይሆናሉ ስንል በአንድ ጀምበር አይደለም።

መጀመሪያ ባርኔጣው በቢላ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ሥሩ ራስ የለም። ፋብሪካው ባርኔጣውን ቅንድቡ ድረስ አውርዶ ሲሠራ፣ አንድ ቀን ደብረ ታቦር ላይ የሚያወልቀው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። ስለዚህ ከሻማና ከኮላ ጭንቅላት እንሠራለን፤ ጭንቅላቱ ላይ ሹሩባ እንሰነጥቃለን። ከዚያ ሪዙ አለ። የሁሳር ሪዝ ከአፍንጫው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ሪዙ ሲፋቅ አፍንጫው አብሮ ይሄዳል። አፍንጫ እንሠራለን። ትከሻው ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ጸጉር ኮት ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ለምድ ለመሆን እንደተፈጠረ ነው፤ ጫፉን ዘርፍ ዘርፍ አድርጎ መሰንጠቅ ብቻ ይበቃል። ደግ ነገር አገኘን ብለን ሳንጨርስ፣ ፈረንሳዊው ኮቱን በግራ ትከሻው ብቻ ነው ያንጠለጠለው፤ ለምድ ደግሞ ሁለቱንም ትከሻ ይሸፍናል። የቀኙን ወገን ከጥርስ ሳሙና ቱቦ እየቆረጥን እንለጥፋለን።

ጎራዴው ይከተላል። ፈረንሳዊው ጎራዴውን በግራ ጎኑ ይታጠቃል። የእኛ ሰው ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ በቀኝ ጎኑ ነው የሚታጠቀው፤ ፈረስ ላይም የሚወጣው በቀኝ በኩል ነበር። ስለዚህ የያንዳንዱ ፈረሰኛ ጎራዴ ከግራ ታፋው ተፈልቅቆ ወደ ቀኝ ይዛወራል። ሲፈለቀቅ ታፋው ይቀደዳል። ታፋው ይጠገናል። ጠግነን፣ ቀብተን፣ ፎቶ አንሥተን ለካላንደር ብንሰጥ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ሥዕሉ ወደ ገጹ ውስጥ እንዲያይ ብሎ ገልብጦ ያትመዋል። ጎራዴዎቹ በሙሉ ወደ ግራ ተመለሱ። ጋሻው በቀኝ፣ ጦሩ በግራ፤ አንድ ሠራዊት ሙሉ ግራኝ ሆኖ ዓመቱን ግድግዳ ላይ ዋለ። ብንነግራቸው "ማን ያየዋል?" አሉን።

እግሩን ለብቻው ብናነሣው ይሻላል። የድሮ ፈረሰኛችን እርካቡን በጫማ አይረግጥም። እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነው፤ የሚገባበት አውራ ጣት ብቻ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ውጭ ይቀራሉ። ደጋግመን በድሮ ሰዎች ሥዕል ያየነው፣ የውጭ ተጓዦችም እየተገረሙ የጻፉት ነገር ነው። እንግዲህ የፈረንሳዩን ቦት ጫማ በምላጭ እየላጥን፣ ከውስጡ ባዶ እግር እናወጣለን። ከባዶ እግሩ ላይ አውራ ጣቱን እንለያለን። ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ቀለበት እንጠመዝዛለን። ጣቱን እናስገባለን። ጣቱ ይሰበራል። ሌላ ጣት እንሠራለን። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደንበኛው ይመጣል፣ መነጽሩን ያወጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፦ "ምነው በባዶ እግሩ?" እንነግረዋለን። ስለ እርካቡ እንነግረዋለን፣ ስለ አውራ ጣቱ እንነግረዋለን። "ይሁን እሺ፤ ግን የኔ ቅድመ አያት ደጃዝማች ነበሩ። ጫማ አድርጉላቸው።" እንግዲህ ከቦት ጫማው ፈልቅቀን ያወጣነውን እግር መልሰን ቦት ጫማ ውስጥ እንከታለን። ፈረንሳዩ እንደመጣ ቢሆን ኖሮ በነጻ ነበር።

በፈረንሳዩ ቅናት ያድርብናል፣ አንደብቅም። ከሣጥኑ ጋር የቀለም መመሪያ ይመጣል። ያለ ነገር ሁሉ ተጽፏል። አራተኛው የሁሳር ክፍለ ጦር ኮቱ ሰማያዊ፣ ደራቢው ደማቅ ቀይ፤ ስድስተኛው ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ኮቱ ደማቅ ቀይ፣ ደራቢው ሰማያዊ። አምስተኛው ሰማያዊው ፈዘዝ ያለ፣ ደራቢው ነጭ። እ.ኤ.አ. በ1812 የወጣ የልብስ ደንብ ቁልፉን፣ ጥልፉን፣ የኮርቻውን ጨርቅ ጠርዝ ሳይቀር ይዘረዝራል። እዚያ ያሉ ቀቢዎች የሚጣሉት ስለ ቁልፍ ነው። ቁልፉ የቆርቆሮ መልክ ነበረው ወይስ የናስ? እኛ ስለ ቁልፍ ብንጣላ በወደድን! እኛ የምንጣላው ስለ ሙሉ ልብሱ ነው። ደግሞም የፈረንሳዩ ቀቢ አንድ ሰማያዊ በጥብጦ ሃያውን ፈረሰኛ በአንድ ጊዜ ይቀባል። የእኛ ሰው የደንብ ልብስ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ለብሶ፣ የራሱን ስንቅ ይዞ፣ የራሱን ፈረስ ጭኖ ነው የዘመተው። ጎፈር ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ለምዱ የበግ የሆነ አለ፣ ሐር የሆነ አለ። ጋሻው ብር የተለበጠለት አለ፣ ደረቅ ቆዳ የያዘ አለ። ሽልማቱ እንደ ሙያው ነውና አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ሃያ ፈረሰኛ ማለት ለእኛ ሃያ ሥራ ነው። ደንበኛ ግን የሚከፍለን በጅምላ ነው።

ደንብ የለንም ብንል ደግሞ እንዋሻለን። አለን፤ ለቅዱሳን ብቻ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ። ይህን የሚከራከር የለም፤ መርቆሬዎስን በቡላ ፈረስ የሳለ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ቡና የሚጠራው ጎረቤት አያገኝም። ጻድቅ በሙሉ ፊቱና በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ከሓዲና ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ዓድዋን ስንሥል ይኸው ሕግ ያገለግላል፤ የእኛ ሰው ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ ባለ አንድ። ጣሊያኑ ደግሞ ምቹ ነው፤ ልብሱ በፋብሪካ የተሰፋ፣ በመዝገብ የተመዘገበ ስለሆነ ቁልፉ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። የጠላታችንን ቁልፍ ቆጥረን እናውቃለን፣ የአያቶቻችንን ጥብቆ ግን በመላ ነው የምንቀባው።

ችግሩ ጦርነቱ ከዓድዋ ወዲህ ወይም ወዲያ ሲሆን ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከራስ አሊ ጋር ተዋጉ። ውቤ አሸነፉ፣ አሊ ከሜዳው ሸሹ፤ ውቤ ደስ ብሏቸው ግብር ሲበሉ የአሊ ወገን ድንገት ደርሶ ማረካቸው። ይህን ሥዕል ሥሩ ስንባል ማንን በአንድ ዓይን እንሥራ? ያሸነፈው ተማርኳል፣ የሸሸው ጌታ ሆኗል። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ደግሞ ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ራስ አሊን ድል ነሡ። የካሣ ወገን የልጅ ልጅ ሥዕሉን ያዝዛል፣ የአሊ ወገን የልጅ ልጅ ለማየት ይመጣል፤ ሁለቱም ወንበር ይዘው አጠገባችን ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም "አደራህን" ይላሉ። ስለዚህ ሁሉንም በሁለት ዓይን እንሥላለን። ሥዕሉ ሲያልቅ ባለ ሁለት ዓይን ሰዎች ባለ ሁለት ዓይን ሰዎችን ይወጋሉ፤ ማን ከማን እንደተዋጋ ራሳችንም አንለይም።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ፤ ዋናው ቁስላችን እሱ ነው። አገራችን የፈረሱን ስም አይረሳም። አባ ታጠቅ ካሣ ብትል ያልሰማ የለም። አባ ዳኘው፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ሳይቀር አንድ ባንድ ይቆጥራቸዋል። ስሙን ሁሉም በአንድ አፍ ያውቃል፣ መልኩን ሁሉም በየራሱ አፍ ያውቃል። የዐፄ ቴዎድሮስን ፈረስ ዳማ አድርገን ገበያ ብናወጣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። "ልጆቼ፣ ይኸ ፈረስ ቡላ ነበር።" "አባባ፣ ከየት አገኙት?" "አባቴ ነግሮኛል።" "ለአባትዎ ማን ነገራቸው?" "አባቱ!" እንዴት ይከራከሯቸዋል? ቡላ እናደርገዋለን። ሌላ ቀን ሌላ ሽማግሌ፣ ሌላ ዱላ። "ቡላ? ቡላማ የሴት መቀመጫ ነው፤ መጋላ ነበር።" መጋላ እናደርገዋለን። በሦስተኛው ገበያ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፊልም ያሳየናል፤ እዚያ ነጭ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ነጭ ፈረስ ስለተከራዩ ነው ብንለው "ታዲያ እነሱ ሳያጣሩ ይሠራሉ?" ይለናል። ቀለም ላይ ቀለም፣ ቀለም ላይ ቀለም እየደረብን ፈረሱ ወፈረ። አሁን ከጎኑ ያለው ሠራዊት የሚጋልበው ፈረስ የእርሳቸውን ፈረስ እሩብ አይሆንም።

ከመጽሐፍ አታጣሩም ወይ ትሉን ይሆናል። ብናጣራ ደስ ባለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶ አልተገኘም። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ፊታቸውን የነደፈው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነው። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ዘመቻውን በካሜራ አንሥተዋል፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። የለንደን ጋዜጦች ያወጡት ሥዕል በጥቁር ቀለም የታተመ ነው። ቀለሙ ያለበት ዕቃው ራሱ ነበር፤ እሱን ደግሞ ዘርፈው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱት። ዘውዱ፣ መስቀሉ፣ መጽሐፉ፣ ጨርቁ፣ የንጉሡ ባለቤት ቀሚስ ሳይቀር የለንደን ሙዚየሞች ውስጥ ገባ። ከንጉሡ ጸጉር የተቆረጠው በ2011 ዓ.ም. ተመልሶ በክብር ተቀብለነዋል። ልብሱ ግን እዚያው ነው። እንግዲህ የፋርጣ ሰው የፋርጣን ፈረሰኛ ቀሚስ ቀለም ለማየት ፓስፖርት አውጥቶ፣ ቪዛ ለምኖ፣ የባንክ ደብተሩን አሳይቶ፣ "የምትሄድበት ምክንያት?" ሲባል "ቀዩ ምን ያህል ቀይ እንደሆነ ለማየት" ሊል ነው። ይሰጡናል? አይሰጡንም።

አዲስ አበባ ሂዱና የዐፄ ምኒልክን ሐውልት እዩ ያሉን አሉ። ሄደናል። በ1923 ዓ.ም. ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ የቆመ ነው፤ ፈረሱ ያማረ ነው፣ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ካባው ሁሉ አለ። ነሐስ ነው። ሐውልቱን ዞርነው፣ ዞርነው፣ ነሐስ ነው።

ደንበኞቻችንን ማማት አንወድም፤ እንጀራችን ናቸው። ግን ይወጣልን። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ወታደራቸው ነጭ ሸማ ለብሰው የሚውሉ፣ ጌጥ የማይወዱ ሰው እንደነበሩ ያዩአቸው ሰዎች ጽፈውታል። እኛም እንዲያ አድርገን ነጭ አልብሰን እናወጣቸዋለን። "ይኼ ማነው?" "ዐፄ ቴዎድሮስ።" "ታዲያ ወርቁስ?" ወርቁን እንጨምራለን። "ጎፈሩስ?" ጎፈሩን እንጨምራለን። "ሴባስቶፖልስ?" መድፉ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሆነ፣ በመቶ በሚቆጠር ሰው የተጎተተ ነገር ነው፤ እሱን በእውነተኛ ልኩ ብንሠራው ከፈረሱ ጋር ይመጣጠናል። ደንበኛው ግን ከፈረሱም ከሰውም እንዲበልጥ ይፈልጋል፤ የፎቶ ፍሬም ላይ ደግሞ እንዲገባ ይፈልጋል። ከዚያ ዋጋ ስንነግረው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ለክቶ ያሳየናል። "ለዚህች?" ይለናል። ብርድ ልብስ አይደለም በሜትር አይሸጥም ብንለው አይሰማም።

ዘመድም አለ። ለዘመድ ሠዓሊ ማለት ቀለም ቀቢ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ስልካችን መጮህ ይጀምራል። "የኔ ጌታ፣ ብሩሽ አለህ አይደል? ሳሎኔን ብቻ።" ብሩሻችን አምስት ጸጉር ነው ያላት ብንል እንደ ኩራት ይቆጠርብናል። ሄደን እንቀባለን፤ ሳሎኑ ሲያልቅ "በሩንም" ይሉናል። ደህና ሰዎች ናቸው፣ ምሳ ያበሉናል፣ ግን እጃችን ከዚያ በኋላ ሳምንት ይንቀጠቀጣል፣ የሳምንቱ ፈረሰኞች ሁሉ ዓይናቸው ያፈጠጠ ይሆናል።

የንግድ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ደግሞ አንድ ቢሮ ውስጥ ዘርፋችን ከሰነዱ ታጣ። አንደኛው መስኮት "ሥነ ጥበብ ከሆነ ባህልና ቱሪዝም ሂዱ" አለን። ባህሉ "ፕላስቲክ ከሆነ አሻንጉሊት ነው፤ ንግድ ሂዱ" አለን። ንግዱ "አሻንጉሊት ከሆነ አስመጪ ናችሁ" አለን። አስመጪ! ከዘመድ ሻንጣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሠራዊት። በመጨረሻ አንድ ደግ ልጅ "ጌጣጌጥ" ብሎ ጻፈልን። በሕግ ፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ከጆሮ ጉትቻ ጋር አንድ መደብ ናቸው።

ቢያንስ ፈረስ በዓይናችን አይተን እንሥራ ብለን ጥር 25 መርቆሬዎስን እንጠብቃለን። ያን ቀን ደብረ ታቦር ፈረስ በፈረስ ነው፤ ከፋርጣ ቆላ ደጋው ይወጣል፣ ጉግሱ ይጦፋል፣ አቧራው ይነሣል። ልባችን ይሞላል። ከዚያ እርሳስና ወረቀት አውጥተን ስንጠጋ፣ ጎፈሩ ከቃጫ የተሠራ ነው፣ የጋላቢው ደረት ላይ የአርሴናል ማሊያ ይታያል፣ የፈረሱ ግላስ የሠርግ ዲኮር ቤት አብረቅራቂ ነው። ልጓሙን ለማየት ስንጎነበስ ከኋላችን ስልክ የያዘ ሁሉ "ጋሼ ዝቅ!" ይላል። ዝቅ እንላለን። አቧራው ላይ ሆነን የምናየው የፈረስ ኮቴ ብቻ ነው፤ ኮቴ ላይ ሥልጣን ያለው እንግዲህ እኛን የሚያህል የለም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መጥቷል፤ የአንቺም ጦርነት። ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የደብረ ታቦር ጌታ፣ የቤጌምድር ገዥ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው የወደቁበት ነው። ፈረሰኛቸው እንዲታይ ተፈልጓል። ሰማዩ ላይ ደግሞ ያ አውሮፕላን ይታይ ተባለ፤ ከፈረንሳይ የተገዛው ባለ ሁለት ክንፍ፣ መጀመሪያ ወረቀት በኋላ ቦምብ የጣለው። ይኸውላችሁ፤ ከታች የምናስቀምጠው ፈረሰኛ ከፈረንሳይ ሁሳር ተፍቆ የተሠራ፣ ከላይ የምናንጠለጥለው አውሮፕላን የፈረንሳይ፤ ቤጌምድር የቀረው ሣሩ ብቻ ነው። ደንበኛው ቆሞ ስለ ፈረሱ ብዙ ነገረን፤ ከእናቱ አያት የሰማውን፣ ግንባሩ ላይ ቦራ እንደነበረው፣ የኋላ እግሩ አንዱ ብቻ ነጭ እንደነበረ፣ ጭራው እስከ የት እንደሚወርድ። ሁሉን ጻፍን። አውሮፕላኑንስ ምን ቀለም እንቀባው ብለን ጠየቅነው።

"እሱን የፈለጋችሁትን" አለን። "ትንሽ አድርጉት ብቻ።"

ቀብዱን እስካሁን አልሰጠንም።